ሀዋሳ ላይ ለማስተርስ ጥናቴ የላብ አይጦች ልረከብ ነው፣ አያያዙን የምታውቁ እርዱኝ

ፋርማኮ_ሀዋሳ
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሀዋሳ ፋርማኮሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ ፕሮፖዛሌ አልፏል ኢቲካል ክሊራንሱም (የስነ ምግባር ፈቃዱ) ወጥቷል፣ አንድ የባህል መድኃኒት ተክል ወባ ላይ ልሞክር ነው፣ መጀመሪያ አኪውት ቶክሲሲቲ (ባንዴ ሲሰጥ ይመርዝ እንደሆነ ማየት) ከዛ የአራት ቀኑን ሰፕረሲቭ ቴስት (ወባውን ይገታው እንደሆነ ማየት) ፕላስሞዲየም በርጌይ በሚባለው የአይጥ ወባ። አይጦቹ ስዊስ አልቢኖ ናቸው፣ ወደ ስልሳ ገደማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እረከባለሁ። ስለ ዶዝ ስለ ደም ስሚር ስለ ስታቲስቲክስ የሚያስተምረኝ ሰው ሞልቷል፣ ስለ አይጦቹ ግን «ምግብና ውሃ ስጫቸው በቃ» ከማለት ውጪ የነገረኝ የለም፣ እኔ ደግሞ ነፍስ ያለው ነገር ነው እጄ ላይ የሚገባው፣ በደንብ ልይዛቸው ነው የምፈልገው። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ይሞቃል፣ ኤሲ የለም፣ አንድ የሚቆም ቬንቲሌተር አለ። የሚነጠፍላቸው ከእንጨት ቤት የሚመጣ ሰጋቱራ ነው። ሙቀቱን ምን ላድርገው? ሰጋቱራውስ ችግር የለውም? ወንዶቹን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል? ቅዳሜና እሁድስ ምን ታደርጋላችሁ? የሰራችሁበት ሰዎች ያያችሁትን ንገሩኝ።

ዶክተር_ቬት
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ ሳትረከቢ መጠየቅሽ ደስ ይላል። ከሙቀቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው፣ እኛ ሲሞቀን እነሱንም የሞቃቸው ይመስለናል። አይጥ ግን ብትመዝን 25 ወይ 30 ግራም ናት፣ ከክብደቷ አንፃር ቆዳዋ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያመልጣታል፣ ሰውነቷ ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጣ የሚመቻት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። የላብ እንስሳት አያያዝ መመሪያው ክፍሉ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን ይላል፣ ያ ግን ጎጆ የምትሰራበት ነገር ከተሰጣት ነው። ስለዚህ ሀዋሳ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ ነው፣ በተለይ ህዳርና ታህሳስ፣ ቆርቆሮ ቀን ያጋለውን ሌሊት ይለቀዋል። ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ስቀይና ጠዋት ጠዋት የሌሊቱን ዝቅተኛ አንብቢ። ቬንቲሌተሩን ወደ ኬጆቹ አታዙሪው፣ ወደ ግድግዳ አዙሪው፣ አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ ነፋስ አይምታቸው። ለጎጆ ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ሶፍት በቂ ነው፣ ሽታና ቀለም የሌለውን ለአንድ ኬጅ ትንሽ ትንሽ ስጫቸው ሌሊት ሲቦጫጭቁት አድረው ጠዋት ክብ ጎጆ ሰርተው ታገኛቸዋለሽ። የሶፍቱን ካርቶንም አትጣይው፣ ይገቡበታል።

አዳማ_ባዮ
እኔ እንኳን አዳማ ነኝ፣ እኛ ጋ ከዚህ ሀሳብ ትንሽ እለያለሁ። መጋቢት ሚያዝያ ላይ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ከ30 በላይ ይሄዳል፣ ያኔ ጎጆ ምናምን አይታሰብም፣ አይጦቹ ኬጁ ወለል ላይ ሆዳቸውን አስጥተው ይዘረጋሉ፣ ፀጉራቸውን በምራቅ ያረጥባሉ፣ አያልባቸውም እኮ። ነፋስ ስለሚበዛ መስኮት ከፈትን ስንል አቧራው ይገባል። እኛ የረዳን ኮርኒስ ማሰራት ነው፣ ከዛ የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ መተው፣ ትኩስ አየር ላይ ነው የሚከማቸው።

ዶክተር_ቬት
@አዳማ_ባዮ ልክ ነህ፣ 30ን ካለፈ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያየኸው ምልክትም ትክክለኛው የሙቀት ምልክት ነው። የላይኛውን መደርደሪያ መተው በሌላ ምክንያትም ጥሩ ነው፣ ነጫጮቹ አይጦች አይናቸው ውስጥ ቀለም ስለሌለ አምፖል ስር የሚውሉት ሬቲናቸው በብርሃን ይጎዳል። መብራቱን 12 ሰዓት አብርተሽ 12 ሰዓት አጥፊው፣ ማታ ደግሞ ስልክ እያበራሽ አትግቢባቸው፣ ለነሱ ቀናቸው እሱ ነው።

የእንስሳት_ቤት_ሰው
ልጄ እንኳን ወደዚህ ስራ በደህና መጣሽ። እኔ ትምህርቱ የለኝም፣ ተማሪ ዲግሪውን የሚሰራበትን አይጥ የማሳድግ ሰራተኛ ነኝ፣ ብዙ አመት እዚሁ ሀዋሳ ነው የሰራሁት። የምነግርሽ ጠዋት ስትገቢ የምታደርጊውን ነው። መጀመሪያ ምንም አትንኪ። በሩን ቀስ ብለሽ ከፍተሽ ግቢና ቁሚ፣ እያንዳንዱን ኬጅ በአይንሽ እዪ። ጎጇቸው አለ ወይስ ተበትኗል፣ ተቃቅፈው ነው የተኙት ወይስ አንዷ ለብቻዋ ጥግ ይዛለች። ተኮራምታ፣ ፀጉሯ ቆሞ፣ አይኗን ጨፈን አድርጋ ለብቻዋ የተቀመጠች ካለች እሷ ታማለች፣ ማስታወሻሽ ላይ መጀመሪያ የሚፃፈው እሱ ነው። ከዛ ጠርሙስ። ጠርሙሱ ውሃ አለው ማለት ይጠጣሉ ማለት አይደለም! ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ በሰጋቱራ ትያዛለች ወይም አየር ይይዝና ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ እነሱ በጥም ያድራሉ፣ ውሃ ያጣች አይጥ ደግሞ መብላትም ታቆማለች። ማታ በማርከር አስምሪበት። አንዷ በቀን ከ4 እስከ 6 ሚሊ ትጠጣለች፣ አምስት ካሉ እስከ ማግስቱ ወደ 25 ሚሊ መጉደል አለበት። መስመሩ ካልጎደለ ውሃው አይወርድም፣ ባንዴ ባዶ ከሆነ ደግሞ አፍስሷል፣ ሰጋቱራውን በእጅሽ ንኪው፣ የረጠበ ኬጅ ውስጥ ያደረች አይጥ በብርድ ትሞታለች። ይሄን ሁሉ ካየሽ በኋላ ነው ኬጅ የሚከፈተው።

ስለ ሰጋቱራው የጠየቅሽው ትልቅ ጥያቄ ነው። እንጨት ቤት ሄደሽ ዝም ብለሽ ከወለል አታስጠርጊ፣ ችፑድ ከቆረጡ ሙጫው አለበት፣ ቫርኒሽ አለበት፣ ሚስማር አለበት። ጥድ የሰሩበትን ቀን ደግሞ በጭራሽ አትውሰጂ፣ ሽታው ደስ ይላል ግን ለአይጥ አይሆንም ብለው ድሮ የነበሩ ፕሮፌሰር ነግረውኝ ነው።

ፋርማኮ_ሀዋሳ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል ይፃፉልኛል ብዬ አልጠበኩም። ጥዱ ግን ለምንድነው? የሚያውቅ ካለ።

ዶክተር_ቬት
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ ላንቺ ጥናት ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልግሻል። አሜሪካኖች ቀይ ሲዳር የሚሉት እንጨት ከኛ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት እንደዚህ አይነት ሽታ ያለው እንጨት ላይ የተኙ አይጦች ጉበታቸው ውስጥ መድኃኒት የሚሰብሩት ኢንዛይሞች ከፍ ብለው ተገኝተዋል፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲሰጣቸው ቶሎ ይነቃሉ። እስቲ አስቢው፣ አንቺ የተክል ጭማቂ ሰጥተሽ መድኃኒቱ ሰራ አልሰራም ልትይ ነው፣ ጉበቱ ግን ከሰጋቱራው የተነሳ ከሌላው ቀን በፍጥነት እየሰበረው ነው። አንዱ ግሩፕ ጥድ አንዱ ግሩፕ ሌላ እንጨት ላይ ከተኛማ ውጤትሽ የተክሉ ይሁን የእንጨቱ በምን ይታወቃል? ሽታ የሌለው እንጨት ፈልጊ፣ አስወንፊው፣ ብናኙ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ከተገኘ አስገቢው ካልሆነ በኦቨን አድርቂው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አይነት ይሁን።

አዳማ_ባዮ
ወንዶቹን በተመለከተ፣ ከህፃንነታቸው አብረው ያደጉትን አትለያያቸው፣ የተለያዩትን ደግሞ አትቀላቅያቸው፣ አለቀ። ጡት የሚጥሉት 21 ቀን ላይ ነው፣ ያኔ አንድ ላይ የገቡ ወንዶች ብዙ ጊዜ ይቻቻላሉ። ትልልቅ ወንድ ከሌላ ኬጅ ካመጣሽ ጀርባና ጭራ ሥር ነው የሚነካከሱት፣ ጠዋት ቁስል ታያለሽ።

የእንስሳት_ቤት_ሰው
እሱ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ኬጅ ስትቀይሪ ነው ጠብ የሚነሳው። ሁሉም ነገር ንፁህ ሲሆን ሽታቸው ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀማመራሉ። ደረቁን ጎጆ አንድ እፍኝ ይዘሽ አዲሱ ኬጅ ውስጥ ክተቺው፣ የሸኑበትን ጥግ ግን አትውሰጂ፣ ሽንቱ ራሱ ያጣላቸዋል።

ኬጅ ስታጥቢ ደግሞ አደራሽን በረኪና ቀጥታ ሽንት ላይ አታፍስሺ፣ ጭሱ አይንና ደረት ያቃጥላል። መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ከዛ ነው በረኪናው፣ እንደገናም በደንብ ተለቅልቆ መድረቅ አለበት።

ታቦር_ስር
እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም ግን ሳነብ ቆየሁና ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አይጥ ላይ የሚደረገው ወባ አምልጦ ሰፈር ውስጥ ቢወጣ እኛን አይዝም ወይ? እዚህ ወባ መች ጠፋና። ሁለተኛ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መጨረሻ ላይ ለሚሞት እንስሳ ይሄን ሁሉ ሶፍትና ጎጆ ማለት ለምንድነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ፋርማኮ_ሀዋሳ
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ፕላስሞዲየም በርጌይ የአይጥ ወባ ነው፣ ሰው አይዝም። በ1948 እ.ኤ.አ. ኮንጎ ካታንጋ ውስጥ የዱር አይጥ ላይ ነው የተገኘው፣ ላብ ውስጥ ደግሞ እኛ የምናስተላልፈው በትንኝ አይደለም፣ ከታመመችው ደም ወስደን ለጤነኛዋ በመርፌ ነው። ስለዚህ በዚህ አትስጋ።

ዶክተር_ቬት
ሁለተኛው ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው @ታቦር_ስር። የምትሞት ስለሆነች ነው እስክትሞት ያለው ጊዜ እጃችን ላይ የወደቀው፣ እሷ መርጣ አልገባችም። ለሳይንሱ ብቻ ብናስብ እንኳን፣ የበረዳት አይጥ የምትበላውን ለሙቀት ታወጣዋለች፣ የፈራች አይጥ የደም ስኳሯ ይጨምራል፣ የተነካከሰች አይጥ ክብደት ትቀንሳለች። ክብደት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የደም መጠን ደግሞ ይቺ እህታችን የምትለካቸው ራሳቸው ናቸው። የተጨነቀች አይጥ ላይ የተለካ መድኃኒት ነገ ሰው ላይ ምን ይሆናል ብለን መናገር አንችልም፣ ያኔ ደግሞ አይጧ በከንቱ ሞተች ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ታቦር_ስር
ገባኝ ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። እንደዚህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሽፈራው_ጥናት
የኔ ጥናት በሽፈራው ቅጠልና በስኳር በሽታ ነው፣ አንድ ነገር ላክል፣ ወደፊት ስኳር ላይ የምትሰሩ ካላችሁ። ስትሬፕቶዞቶሲን በሚባል መርፌ ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ውሃቸውም ሽንታቸውም ሌላ ነው፣ የጤነኛዋ ለሁለት ቀን የሚበቃት ውሃ ለነሱ አያሳድርም፣ ሰጋቱራው በአንድ ሌሊት ጭቃ ይሆናል። «ሁሉም ግሩፕ በሳምንት ሁለቴ ይቀየር» የሚል ሰሌዳ ለነሱ አይሰራም፣ በየቀኑ መታየት አለባቸው። መርፌውን በወጉበት ሌሊት ደግሞ ስኳራቸው በጣም ሊወርድ ስለሚችል 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ጠርሙሳቸው ውስጥ ይደረጋል፣ ያ ሌሊት ሰው ሊኖር ይገባል።

ፋርማኮ_ሀዋሳ
ስለ ምግብ መከልከል ጥያቄ አለኝ። ለአኪውት ቶክሲሲቲው ኤክስትራክቱን በአፍ ከመስጠቴ በፊት «ማታ ምግብ አንሺባቸው» ተብያለሁ፣ ሌሎች ቴሲሶችም ላይ እንደዛ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይሁን?

ዶክተር_ቬት
አይሁን! የአኪውት ቶክሲሲቲ መመሪያውን ኦኢሲዲ 425ን ራሱን ክፈቺው፣ ሌሊቱን የሚለው ራት (rat) ለሚባለው ትልቁ የላብ አይጥ ነው፣ ለማይስ፣ እንዳንቺ ላሉት ትንንሾቹ፣ ለ3 ወይ ለ4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚለው፣ ውሃ ደግሞ ለሁለቱም አይነሳም። ትንሿ አይጥ የምትበላው ሌሊት ነው፣ ሌሊቱን ከከለከልሻት ሙሉ ቀኗን ከለከልሻት ማለት ነው፣ ጠዋት ክብደቷ ወርዶ ብርድ ይዟት ነው የምታገኛት፣ ከዛ ላይ 2000 ሚሊግራም በኪሎ ሰጥተሽ ብትሞት ተክሉ መርዛማ ነው ብለሽ ልትፅፊ ነው? አማካሪሽን በአክብሮት መመሪያውን ከፍተሽ አሳዪያቸው፣ የተፃፈ ነገር ነው ቅር አይላቸውም። ከሰጠሽ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከአጠገቧ አትነሺ፣ እስከ አራተኛው ሰዓት ድረስ ቶሎ ቶሎ እዪያት፣ ከዛ እስከ 14 ቀን በየቀኑ።

ጋቫጁን (በአፍ በቱቦ መስጠቱን) ከመጀመርሽ በፊት የሚያውቅ ሰው ጎን ቆመሽ ተለማመጂ። ቱቦውን ከአፏ ጫፍ እስከ መጨረሻው ጎድኗ ለክተሽ ምልክት አድርጊ፣ አንገቷ ቀጥ ሲል በራሱ ክብደት ይገባል። ካልገባ መንገዱ አይደለም፣ አውጪውና እንደገና፣ አትግፊ። በ10 ሚሊ በኪሎ ሂሳብ ለ25 ግራም አይጥ ሩብ ሚሊ ብቻ ነው። በአፍንጫዋ ፈሳሽ ካየሽ ወዲያው አቁሚ፣ ወደ ሳንባ ሄዷል።

አዳማ_ባዮ
አያያዝ ላይ እኛ በጭራ ነው የምናነሳው ሁሌም፣ ፈጣን ነው፣ እስካሁን ችግር አላየንም።

ዶክተር_ቬት
በጭራ ማንሳት የተለመደ ነው፣ አትነሳም አልልም፣ ግን በ2010 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል የወጣ ጥናት አለ፣ በጭራ የሚነሱትን በእጅ መዳፍ ወይም በቱቦ ከሚነሱት ጋር አወዳድረው በጭራ የሚነሱት ሰውን ይሸሻሉ ጭንቀታቸውም ይበልጣል። በየቀኑ ጋቫጅ ለምታደርግ ተማሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያቺ የሶፍት ካርቶን እዚህ ላይ ትጠቅማለች፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ካርቶኑን ይዘሽ ታነሻታለሽ፣ እጅሽን አትፈራም።

አዳማ_ባዮ
ይሄን እንሞክረዋለን፣ ካርቶን ሞልቶናል። ሌላ ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ወደ ግሩፕ ስትከፋፍይ እጅሽን ኬጅ ውስጥ ከተሽ የያዝሻትን መጀመሪያ ግሩፕ አንድ እያልሽ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ የምትያዘው የደከመችው ወይ የለመደችው ናት፣ መጨረሻ የምትቀረው ፈጣኗና ጤነኛዋ ናት። እንደዛ ከከፈልሽ ኔጋቲቭ ኮንትሮልሽ (መድኃኒት የማያገኘው ማወዳደሪያ ግሩፕ) በሙሉ ደካማ ሆኖ ተክልሽ ሳይሰራ የሰራ ሊመስል ይችላል። ጭራቸው ላይ ቁጥር ፅፈሽ በዕጣ ክፈይ። ማርከሩ በሁለት በሶስት ቀን ስለሚለቅ እያደስሽ።

ፋርማኮ_ሀዋሳ
ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ የከበደኝ ነገር ልናገር። ፕሮቶኮሉ ላይ ሰርቫይቫል ታይም አለ፣ ማለትም ኔጋቲቭ ኮንትሮሎቹ እስኪሞቱ ቀን እየተቆጠረ ይጠበቃል። ምንም ህክምና የማያገኙት እነሱ ናቸው። እያየሁ ዝም ማለት ነው ወይ ስራዬ?

ዶክተር_ቬት
ይሄን መጠየቅሽን አከብራለሁ። ብዙ ቴሲስ ላይ እስኪሞቱ ይጠበቃል፣ ግን ግዴታ አይደለም። ኢቲካል ክሊራንስሽ ላይ ማሻሻያ ጠይቂና የማቆሚያ ምልክት አስቀድመሽ ፃፊ፦ ክብደቷ ከመነሻው 20 ፐርሰንት ከቀነሰ፣ ወይ በጎኗ ስታስተኛት ተገልብጣ መነሳት ካቃታት፣ ወይ ሰውነቷ ቀዝቅዞ ስትነካት ካልተንቀሳቀሰች ያን ቀን እንደ ሞት ቀን ተመዝግቦ በሰለጠነ ሰው እጅ በፍጥነት ታርፋለች። ምልክቱ ለሁሉም ግሩፕ አንድ አይነት እስከሆነና ሙከራው ከመጀመሩ በፊት እስከተፃፈ ድረስ ማወዳደሩ አይበላሽም። በርጌይ ደማቸውን ይጨርሰዋል፣ ጆሯቸውና እግራቸው ነጭ ይሆናል፣ ወደ ጠርሙሱ መድረስ ያቅታቸዋል፣ ስለዚህ ከመሃሉ ጀምሮ ፔሌቱን (ደረቅ መኖውን) በውሃ አርሰሽ ወለሉ ላይ አስቀምጪላቸው፣ ለህክምናውም ለኮንትሮሉም እኩል። ፊታቸውንም ማንበብ ልመጂ፣ አይናቸው ሲጠብ፣ ጉንጫቸው ሲያብጥ፣ ጆሯቸው ወደ ኋላ ሲሄድ ህመም ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ይሄን በነጥብ የሚለኩበት ዘዴ ወጥቷል።

ሽፈራው_ጥናት
እግዚአብሔር ይስጥህ ዶክተር፣ እኔም ይሄን ለኮሚቴው ላቀርብ ነው።

የእንስሳት_ቤት_ሰው
ስለ መኖው ማንም አላነሳም። ፔሌቱን መሬት ላይ በማዳበሪያ አታስቀምጪ፣ እዚህ ሀይቁ ዳር እርጥበት አለ ይሻግታል፣ የሻገተ መኖ ጉበት ይመርዛል። ክዳን ያለው በርሜል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ። የሰፈር አይጥ ከደረሰበት ደግሞ በሽታውን ይዞልሽ ይመጣል። ጉንዳንም አለ፣ ጉንዳን አዲስ የተወለዱትን ይጨርሳል፣ የመደርደሪያውን እግር ሳሙና ያለው ውሃ በሞላበት ጣሳ ውስጥ አቁሚው። ፍሊት እንዳትነፊ፣ ለጉንዳን የተነፋው ለአይጧም መርዝ ነው።

ማስክና ረጅም ጋውን አትርሺ፣ ከሽንታቸው የሚነሳው ብናኝ ስንቱን ሰው አስም ሲያሲዝ አይቻለሁ።

ፋርማኮ_ሀዋሳ
ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የኔ ዶዝ የሚጀምርበት ሳምንት ላይ ፍቼ ጨምበላላ (የሲዳማ አዲስ ዓመት) እንዳይገጥምብኝ ፈርቻለሁ፣ ቀኑ ኮከብ በሚያዩት ሽማግሌዎች በአያንቱዎች ነው የሚነገረው፣ ከተማው ሁሉ በዓል ላይ ሲሆን ማን ይገባል? ቅዳሜና እሁድም እስካሁን ቁልፉ ጥበቃ ጋ ነው የሚባለው።

የእንስሳት_ቤት_ሰው
በዓሉ እስኪነገር ዶዝ አትጀምሪ፣ አይጦቹን ግን ቀደም ብለሽ ተረከቢ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ክፍሉን መልመድ አለባቸው። ለበዓልና ለቅዳሜ እሁድ ሁለት ሰው ስሙን ከነስልኩ በር ላይ ለጥፊ፣ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲገባ፣ ጥበቃ ውሃ ያያል ብለሽ አትተኚ። ቁልፍ ሁለተኛ ይቀረፅ ብለሽ ለኃላፊው ደብዳቤ ፃፊ፣ እኔም አብሬሽ እፈርማለሁ። አንደኛው ስም የኔ ይሁን፣ ሁለተኛውን አንቺ ፈልጊ። አንድ እንጨት ቤት አለ ጥድ የማይሰራ፣ ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ከመጣሽ አብረን ሄደን ሰጋቱራውን እናስወነፋለን፣ ሁለት ንፁህ ማዳበሪያ ይዘሽ ነይ።